በትልቁ ስልክ

የካቲት 11

ዛሬም በሂሳብ ክፍለ ጊዜ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። የኔ አይደለም፣ የወንድሜ ነው። የትልቁ። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ሲዞር በጠረጴዛው ሥር አየሁት። «ደረጃ ሁለት፣ ምሥራቅ ጣቢያ፣ ግንኙነት ጠፍቷል።» ገና ሳልደብቀው ደግሞ ነዘረ። «ተመልሷል።»

ምን ጠፍቶ ምን እንደተመለሰ አላውቅም። መልእክቱ ለሱ ነው። የኔትወርክ ብልሽት ሠራተኛ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ ከተረኞቹ መሀል እስካሁን አላወጣውም። ሄጄ ብነግራቸው ስልኩን መልስ ይሉኛል፣ ንብረቱ የነሱ ነው። ስልኩ ከሄደ ደግሞ አባዬ…

ማታ እንደተለመደው ጻፍኩለት። «አባዬ እንዴት ዋልክ? እኔ ደህና ነኝ። እራት በላህ?»

«ተመስገን፣ በላሁ» ብሎ መለሰ።

ስልኩን ትራስ ሥር ወሽቄ እጄን ታጠብኩ። ከላክሁ በኋላ ሁልጊዜ እጄን እታጠባለሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

የካቲት 12

አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ትልቁ ሞቷል። ጥር ላይ ወደ አንድ ብልሽት ሲሄድ መኪናው ተገለበጠ። አባዬ ያን ጊዜ በሌላ ከተማ ሆስፒታል ልቡን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ተኝቶ ነበር፤ አሁንም እዚያው ነው፣ አክስቴ ታስታምመዋለች። ሐኪሙ ለአጎቴ በስልክ «ድንጋጤ እንዳይነካው» አለ። አጎቴ እናቴንና እኔን ሳሎን ሰብስቦ «እስኪድን ትንፍሽ የሚል እንዳይኖር» አለ። በቃ። ቀብሩም ጎረቤት ሳይሰማ፣ ለአባዬም ሳይነገረው አለፈ።

እናቴ ድምጿ ያሳብቅባታል። አባዬ ደግሞ ከጉሮሮው ቱቦው ከወጣ ወዲህ ድምፁ ተዘግቷል፣ መጻፍ ይቀለዋል። ስለዚህ አጎቴ የትልቁን ስልክ አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። «አንተ ጻፍለት። አጻጻፉን ታውቃለህ።»

አላውቅም። የወንድሙን አጻጻፍ የሚያውቅ ማን አለ?

ለአባዬ የተነገረው፣ ትልቁ ሩቅ ቦታ ለሥራ ተልኳል፣ መልእክት እንጂ ጥሪ አያስገባም የሚል ነው። አባዬ ይሄን ሲሰማ «የኔትወርክ ሠራተኛው ኔትወርክ የለውም» ብሎ ጻፈልኝ። ሳቅ መጣብኝ። ከዚያ ተነስቼ ግቢውን ዞርኩት። ደግሜ ዞርኩት።

ትልቁና ትንሹ የሚለውን ያወጣልን አባዬ ነው። በስማችን የሚጠራን ሲቆጣ ብቻ ነው። ትልቁ ከሌለ እኔ የማን ትንሹ ነኝ?

የካቲት 15

ምሳ አላሰኘኝም። ስልኩ ሲነዝር ዋለ። ሳይነዝርም ጭኔ ላይ የነዘረ ይመስለኛል። እያወጣሁ አያለሁ፣ ምንም የለም።

የካቲት 18

ጉድ ፈላ።

አባዬ በጡረታ ከመውጣቱ በፊት የስልክ መስመር ጠጋኝ ነበር፣ የድሮውን፣ ምሰሶ ላይ የሚወጣበትን። ከትልቁ ጋር የሚያወሩት ሥራ ብቻ ነበር። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ኳስ አያለሁ እንጂ ሰምቻቸው አላውቅም። ዛሬ ጠየቀኝ። «ምንድነው ብልሽት እንዲህ ያበዛብህ? ደንበኛው ጋ ነው ወይስ ታች?»

ደንበኛው ጋ ምንድነው? ታችስ? «ደንበኛው ጋ ነው፣ እዚያው እየፈተሽን ነው» አልኩ።

ከዚያ፦ «ላይኛው ሲጮህ ከታች ነው የሚፈተሸው እያልክ ስታስተምረኝ አልነበር?»

ቶሎ ጻፍኩ፦ «ስቀልድብህ ነው አባዬ። እራት በላህ?»

ነገም ይጠይቃል። ከነገ ወዲያም። በማላውቀው ሥራ እስከ መቼ ነው የምቀልደው?

የካቲት 19

ከትምህርት ቤት በቀጥታ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ስልኩን ቢወስዱብኝስ? በር ላይ ቆሜ አመነታሁ፣ ጥበቃው «ወይ ግባ ወይ ውጣ፣ በሩ አይዘጋም» ሲለኝ ገባሁ።

ትልቁ ይሠራበት የነበረው ክፍል ይበርዳል። ለሰው ሳይሆን ለማሽን ነው የሚቀዘቅዘው። ግድግዳው ላይ ትልልቅ ስክሪኖች፣ መስመሮች እንደ ሸረሪት ድር፣ አረንጓዴ፣ አልፎ አልፎ ቢጫ። የተረኞቹ አለቃ ሴት ናቸው። ሹራብ ደራርበው፣ ብስኩት ሻይ ውስጥ እየነከሩ።

«እትዬ…» ብዬ ልጀምር ስል፦

«ምን እትዬ? እዚህ ሻለቃ ነው የሚሉኝ። ያወጣልኝ ያንተው ወንድም ነው።» ከዚያ ብስኩቱን አስቀመጡ። «ፊትህ ቁርጥ እሱን ነው። ትንሹ ነህ አይደል? ስልኩን ልትመልስ ነው?»

ነገርኳቸው። ሁሉንም። ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩት፣ ቆዩ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል።

«እና ከኔ ምን ፈለግህ?»

«ሥራውን ያስተምሩኝ። አባዬ ሲጠይቀኝ የምመልሰው።»

«ፈተና የለብህም?»

«አለብኝ።»

«የባሰ አታምጣ» አሉና የካርቶን ቁራጭ ስበው ጀርባው ላይ ፎቅ ቤት ሳሉ። «ምድር ቤቱ ሽቦው ነው፣ መሬት ውስጥ የተቀበረው። መካከለኛው ፎቅ እኛ ነን፤ ሽቦውን ከሽቦ እያገናኘን መንገድ እናበጃለን። ላይኛው ደንበኛው ነው፣ ባንክ በለው፣ ክሊኒክ በለው። እያንዳንዱ ፎቅ ላይ በሁለቱ ጫፍ ጠባቂ ቆሟል። ሥራቸው ምን መሰለህ? በየሰከንዱ ‹አለሁ› መባባል።»

«ሌላ ምንም አይሉም?»

«ምንም። አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ። የአንዱ ድምፅ ሦስቴ ከቀረ ማዶ ያለው ይጮሃል። ስልክህን የሚነዝረው እሱ ነው። ሽቦው ከተበጠሰ ግን ሁሉም ፎቅ ድምፅ ይጠፋበታል። ላይኛው ስለጮኸ ላይ ብትሮጥ ሞኝ ነህ፤ ከምድር ቤት ነው የሚጀመረው።»

ስልኩን አልጠየቁኝም። ስወጣ ብቻ «ማታ ማታ ቻርጅ አድርገው» አሉኝ።

የካቲት 23

አሁን ሆነልኝ። ለአባዬ ስለ ምድር ቤቱ ጻፍኩለት፣ ደስ አለው መሰለኝ፣ መልሱ ረዘመ። «መጋጠሚያው ሳጥን ውስጥ ውሃ ገብቶ እንዳይሆን» አለ። «አዎ፣ መጋጠሚያው ሳጥን ውስጥ ውሃ ገብቶ ነው» አልኩት። «ከሁለቱም ጫፍ ሞክረው» አለ። «ከሁለቱም ጫፍ ሞከርኩት» አልኩ።

ቀላል ነው ለካ። የሚለውን መልሶ ማለት ነው።

ታዲያ ለምንድነው መቀመጥ ያቃተኝ? እናቴ «እግርህን አታንቀጥቅጥ፣ ጠረጴዛው ይነዝራል» አለችኝ። ትልቁንም እንዲህ ነበር የምትለው። ሁለታችንም ሰማነው። ሳህኖቹን አንስታ ወጣች።

የካቲት 24

ተጣላሁ። ዴስክ የምጋራው ልጅ ስልኩን አይቶ «ሁለት ስልክ! ባለሀብት!» አለ። ገፈተርኩት። ምን አጠፋ?

መጋቢት 1

ሻለቃ ጋ ሄድኩ። ሰበቤ ጥያቄ ነበር፣ እውነቱ ግን እቤት መሆን አልፈለግሁም።

እዚያ እያለሁ አንድ ቦታ ቆፋሪ መኪና የፋይበር መስመር በጠሰ። እኔ ግድግዳው ሙሉ የሚቀላ መስሎኝ ነበር። አንዲት መስመር ብቻ ቀላች። የቀሩት ግራጫ ሆነው ዝም።

«ሌሎቹ ለምን አልጮሁም?»

«ታችኛው ስላወቀ። እንዳወቀ ወደ ላይ ይልካል፦ ‹ብልሽት አለ፣ እኔ ጋ ነው፣ አውቄዋለሁ፣ አንተ አትጩህ።› አለበለዚያ አንድ ሽቦ ተበጥሶ ሺህ ጩኸት ነው፤ የቱን ይዘህ የቱን ትተዋለህ?»

«ዝም ያሰኘዋል ማለት ነው። እንደኛ።»

ሻለቃ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ነቀሉ። «አይደለም። እየነገረው ነው ዝም የሚያሰኘው። ሳይነግሩ አፍ ማፈን ሌላ ነው። ያንን እዚህ የሠራ ከሥራ ይባረራል።»

እሳቸውም እንደነካኩኝ ገባቸው፣ ወሬ ቀየሩ። የትልቁን ቅሌት ነገሩኝ። አዲስ ተቀጥሮ ሳለ አንድ ክሊኒክ መስመር ሊፈትሽ ሄደ። ሲፈትሹ ሉፕ የሚሉት ነገር አለ፦ ማዶ ላይ መውጫውን ከመግቢያው ጋር ያጋጥሙታል፣ ከዚህ የላክኸው ተመልሶ ላንተው ይመጣል፤ መንገዱ ደህና መሆኑን ታያለህ። ከዚያ መንቀል አለብህ። ትልቁ ሳይነቅል እቤቱ ገባ።

«ቀኑን ሙሉ መስመሩ ጤነኛ ነው እያልን ተቀመጥን» አሉ። «ክሊኒኩ ሞቷል፣ እኛ የራሳችንን ድምፅ እየሰማን አለ እንላለን። ከዚያ ወዲህ ስሙ ሉፕ ሆኖ ቀረ። ‹ሉፕ መጣ፣ ሉፕ ሄደ›።»

ሳቅን። እሳቸው ዕንባቸውን እየጠረጉ፣ እኔ ሆዴን ይዤ። ከሞተ ወዲህ ስለሱ ስስቅ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

ልወጣ ስል ጠየቅሁ። «የዚያን ቀን የሚሄድበት ብልሽት… ተጠገነ?»

«ተጠገነ። ሌላ ልጅ ሄዶ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ።»

በዚያው ቀን። እኛ አስከሬኑን ልንቀበል ሆስፒታል በር ላይ ቆመን ሳለ ሰዎች መስመራቸው ተመልሶላቸው ሥራቸውን ቀጥለዋል። ምን ጠብቄ ነበር? ተበጥሶ እንዲቀር?

በእግሬ ነው የተመለስኩት። አውቶቡስ ውስጥ መቆም አልቻልኩም።

መጋቢት 4

አባዬ ዛሬ ቶሎ ጻፈ። «እቤት ስትመለስ ቀዩን መሰላል ከመጋዘኑ አውጥተህ ለጎረቤት መልስልኝ፣ ረስቼው።»

«እሺ አባዬ፣ ቀዩን መሰላል ለጎረቤት እመልሳለሁ። እራት በላህ?»

አልመለሰም። ተኝቶ ይሆናል።

መጋቢት 5

መጋዘኑን አየሁት። አካፋ፣ የቀለም ቆርቆሮ፣ የትልቁ የልጅነት ብስክሌት። መሰላል የለም። ቀይም አረንጓዴም።

ለምን አለኝ?

መጋቢት 7

ተያዝኩ። ስልኩ ፈተና መሀል ነዘረ፣ ያውም ደጋግሞ። የሂሳብ መምህሩ መጥቶ እጁን ዘረጋ። «ነገ ወላጅ ይዘህ።» መሳቢያው ውስጥ ቆለፈው።

ማታ ለአባዬ መጻፍ አልቻልኩም። በኔ ስልክ ልጻፍ? ማን ነኝ ብዬ?

አባዬ እናቴ ጋ ደወለ። በዚያ በተዘጋ ድምፁ «ትልቁ ዝም አለኝ» አላት። «ኔትወርክ የለም መሰለኝ» ስትል ከወጥ ቤት ሰማኋት። ስልኩን ከዘጋች በኋላም እጇ ጆሮዋ ላይ ቀረ።

መጋቢት 8

ጠዋት ወላጅ ሳልይዝ መምህራን ክፍል ገባሁ። መምህሩ ብቻውን ፈተና ያርማል።

«ወላጅህስ?»

ውሸት አዘጋጅቼ ነበር። ጥሩ ውሸት። አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው። «ስልኩ የወንድሜ ነው። ወንድሜ ሞቷል። አባቴ አያውቅም። በሱ ስም የምጽፍለት እኔ ነኝ።»

ቀይ እስክሪብቶውን ክዳኑ ውስጥ ለማስገባት ታገለ። ከዚያ መሳቢያውን ከፈተ። «የኔ ልጅ» አለ፣ ሌላ አልጨመረም። ያ ሰውዬ «ደንቆሮ» እንጂ «የኔ ልጅ» ብሎን አያውቅም።

ኮሪደሩ ላይ ስልኩን ከፈትኩት። የመሥሪያ ቤቱ መልእክቶች ተደርድረዋል፣ አሳለፍኳቸው። የአባዬ፦

«አለህ?»

«አለህ?»

«አለህ?»

ከዚያ፣ ዛሬ ጠዋት የተላከ፦

«ትንሹ። እራት በላህ?»

ትንሹ ነው የሚለው። በትልቁ ስልክ ላይ።

መጋቢት 8፣ ገና ሳይመሽ

እናቴ አነበበችው። አጎቴን ጠራነው፣ እሱም አነበበው፣ መነጽሩን አውልቆ ደግሞ አነበበው።

«ተሳስቶ ነው» አለ። «የስልኩን ቁጥር ተሳስቶ። አትመልስለት።»

«ጋሼ፣ አባዬ ቁጥር አይሳሳትም። ዕድሜውን ሙሉ ቁጥር ነው የሠራው።»

«ሐኪሙ ምን አለ? ድንጋጤ! ልቡ ገና ስፌቱ አልሻረም። ብትነግረውና አንድ ነገር ቢሆን ትሸከመዋለህ?»

አልችልም። እሱን ነው የምፈራው። ትልቁን ቀበርን፣ አባዬን ደግሞ በአፌ… ግን እሱ አሁን እዚያ አልጋ ላይ ተቀምጦ ብቻውን እየጠረጠረ ነው። ይሄስ ልብ አይነካም?

«ሳንነግረው ዝም ስላሰኘነው ነው እየጮኸ ያለው» አልኩ። «ታች ያለነው እናውቃለን። አውቀናል ማለት አለብን፣ ከዚያ ነው ዝም የሚለው።»

«ይሄ ልጅ ደግሞ ምን ያወራል?»

«እንደ ወንድሙ ነው የሚያወራው» አለች እናቴ። ከዚያ አጎቴን ቀና ብላ አየችው። «እኔ ለባሌ መዋሸት ደክሞኛል። ነገ ይደወልለታል።»

«ማን ይደውል?»

ሁለቱም እኔን አላዩኝም። ስለዚህ እኔ ነኝ።

መጋቢት 9

መጀመሪያ ለአክስቴ ደወልኩ። ሐኪሙን እንድታዋየው። ሐኪሙ መጣ፣ የልብ መከታተያውን መሣሪያ አባዬ ደረት ላይ አሰሩለት፣ ነርሷ በር ላይ ቆመች። «አሁን» አለችኝ አክስቴ። በራሴ ስልክ ነው የደወልኩት። እናቴ አጠገቤ እጅጌዬን ይዛ።

«አባዬ።»

ሲተነፍስ ይሰማኛል።

«ትንሹ። እራት በላህ?»

«አልበላሁም።»

«ምን ሆነህ?»

«አባዬ… ትልቁ የለም።»

በዚያ በሻከረ ድምፅ፦ «ሞተ?»

«አዎ። ጥር ላይ። መኪናው ተገልብጦ።»

«ብቻውን ነበር?»

«ብቻውን።»

አክስቴ ስታለቅስ ሰማሁ። እሱ አላለቀሰም፣ ወይ አልሰማሁትም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። አልተቋረጠም።

«ቀይ መሰላል የለንም» አለ።

«ፈልጌ አጣሁት።»

«ስለ ውሃው ስልህ ውሃ አልከኝ። ሁለት ጫፍ ስልህ ሁለት ጫፍ። አንድ ጊዜ ወንድምህ ክሊኒክ ውስጥ ሉፕ ረስቶ የሠራውን ነግሮኝ አንጀቴ እስኪቆስል ስቄበታለሁ።» ሳል ያዘው፣ ነርሷ የሆነ ነገር አለችው፣ «ተይኝ» አላት። «የራሴ ድምፅ ነበር የሚመለስልኝ። ማዶ እሱ እንደሌለ ያኔ ገባኝ። ማን እንደሚመልስልኝ ግን ትንሽ ቆይቶ ነው። ትልቁ አንድ ቀን እንኳ እራት በላህ ብሎኝ አያውቅም። እሱ ስለ ሥራው ብቻ ነው። አንተ በየማታው።»

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አጠበቅሁት።

«ለምን ብለህ ብቻህን ተሸከምከው?» አለኝ። «አንተ ልጅ።»

ከዚያ በስሜ ጠራኝ። ሳይቆጣ።

መጋቢት 11

አባዬ ምግብ አይቀምስም። አክስቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል አለች። አጎቴ ሳሎን ገብቶ «ነግሬያችሁ ነበር» ሊል ፈልጎ ዋጠው። ቁና ቁና ይተነፍሳል።

ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ስልክ ጻፍኩለት። «አባዬ፣ እኔ ነኝ። እራት በላህ?»

መልስ የለም።

መጋቢት 12

«እራት በላህ?»

የለም። ጠዋት ሻለቃ ደውለው እንዴት ሆናችሁ አሉኝ። ነገርኳቸው። «ዝም ብለህ ላክ» አሉ። «አንተ የምትልከው እንዳይቀር ብቻ።»

መጋቢት 14

«ሾርባ። ጨው የለውም። ውሃ ነው የሚያጠጡኝ።»

ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «መናደዱ ጥሩ ነው» አለችና ተቀምጣ አለቀሰች። ሳይደበቅ የተለቀሰ የመጀመሪያው ለቅሶ ነው፤ እስካሁን ጎረቤት ሰምቶ አባዬ ጋ እንዳይደርስ እያልን በትራስ እያፈንነው ነበር።

ሚያዝያ 6

አባዬ ትናንት መጣ። ልብሱ ሰፍቶታል። ደረጃ መውጣት ስለማይችል ምድር ቤት ከኔ ጋር ነው የሚተኛው፣ የትልቁ አልጋ ላይ። አንሶላውን እናቴ ልትቀይር ስትል «ተይው» አላት። አንድ ቀን ሙሉ ማንንም አላናገረም። ከዚያ «ብስክሌቱን ከመጋዘን አውጣው፣ ዝጎ ይቀራል» አለኝ።

ዛሬ ስልኩን መለስኩ። ሻለቃ ኮምፒውተሩ ላይ የተረኞቹን ዝርዝር ከፍተው የትልቁን ስም ፈለጉ።

«ስልኩን ላጥፋው?» አልኩ።

«ቆይ። መጀመሪያ ማዶ የሚጠብቀውን ነው የምናነሳው። ሳይነገረው ጫፉን ብትነቅልበት ሲጮህ ይኖራል።» ጣታቸው መሰረዣው ቁልፍ ላይ ቆመ። አልተጫኑም። እኔን አዩኝ። አብረን ተጫንነው።

ከዚያ ስልኩን አጠፋሁት። ዝም አለ። ስወጣ ኪሴ ቀለለኝ። መንገድ ላይ ግን ጭኔ ላይ የነዘረ መስሎኝ እጄን ኪሴ ከትቼ ፈልጌዋለሁ።

ማታ አባዬ ጋደም ብሎ ጣሪያውን እያየ «አሁን ምን ብዬ ልጥራህ?» አለኝ። «ትልቁ የለ። ትንሹ ማለት ከማን ነው?»

ይሄን እኔም ስጠይቅ ከርሜያለሁ። አልጋው ላይ ያለውን ጉድጓድ አየሁት፣ ትልቁ ሲተኛበት የሠራውን። አባዬ ትንሽ ወደ ጎን ሸሽቶ ነው የተኛው፣ ጉድጓዱን ላለመንካት።

«ትንሹ በለኝ» አልኩት። «ከሱ ነው።»

ወደኔ ዞረ፦

«ትንሹ።»

«አቤት።»

«አለህ?»

«አለሁ አባዬ።»

«እንግዲያ መብራቱን አጥፋው፣ ዓይኔን ወጋኝ።»

አጠፋሁት። እጄን ሳልታጠብ ተኛሁ። ይሄን የምጽፈው በስልኬ መብራት ነው። በራሴ ስልክ።